የሰረዝኳት አንዲት መስመር

ሐምሌ 2017 ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። «እማማ ቤት ውሃ ገባ» አለችኝና ዘጋችው። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮኽ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተመስገን አልኩ። የደነገጥኩት ቆይቼ ነው።

እማማ የምላቸው የእናቴ ጎረቤት ናቸው። ቤታቸው ከእኛ ግቢ በታች፣ መንገዱ ወደ ወንዙ ዝቅ የሚልበት ጥግ ላይ ነው። ስደርስ ፍራሹ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። የጤፉ ጆንያ አልጋው ላይ ተጋድሟል። እሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው በባልዲ እየጨለፉ ወደ ደጅ ይደፋሉ። ሁለት የሰፈር ልጆች በመወልወያ ይገፋሉ። ውሃው ውሃ አይመስልም፤ ወፍራም ቡናማ ጭቃ ነው። የመጣውም ከሩቅ አይደለም። ከደጃፋቸው ሁለት እርምጃ ላይ፣ ሰኔ ውስጥ ተቆፍሮ ያላለቀ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ከውስጡ የወጣው አፈር ዳር ላይ ተቆልሎ ነበር። ዝናቡ አፈሩን መልሶ ቦዩ ውስጥ ከተተው። ቦዩ ሞላ። የተረፈው እማማ ቤት ገባ።

ባልዲ ተቀብዬ ስጨልፍ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይህ ቦይ ከዓመት በፊት ማለቅ ይችል ነበር። ያላለቀው አንድ ሰው ከሠንጠረዥ ላይ ስለሰረዘው ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ጣሪያ

ከ2012 እስከ 2016 በአንድ ክፍለ ከተማ የበጀት ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። የትኛው እንደሆነ ይቆየን። ሥራ ከመጀመሬ በፊት እንደማንኛውም ሰው ነበር የማስበው። በጀት የሚወሰነው ምክር ቤት ነው። አባላቱ ይሰበሰባሉ፣ ይነጋገራሉ፣ እጅ ያወጣሉ፣ አለቀ። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የአዲስ አበባ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ በጀት የማጽደቅ ሥልጣን የሰጠው ለከተማው ምክር ቤት ነው።

ነገሩ የገባኝ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው ክረምቱ ሲገባ ነው። የእኛ ሩጫ ግን በጋ ላይ ነው፤ ከጥር ጀምሮ። የበጀት ጥሪ ይመጣል። ከጥሪው ጋር ጣሪያ ይመጣል። ጣሪያ ማለት «ከዚህ በላይ እንዳትጠይቁ» የሚል ቁጥር ነው። ወረዳዎች ፍላጎታቸውን ይልካሉ። እኔ ባየሁት ዓመት ሁሉ ድምሩ ከጣሪያው በላይ ነበር፤ ለዚያውም በብዙ። ከዚያ ከጣሪያው ላይ መጀመሪያ ደመወዝ ይነሳል። ደመወዝ አይነካም። ነዳጅ፣ መብራት፣ የቢሮ ኪራይ፣ ወረቀት ይነሳል። ተጀምሮ ያላለቀ ግንባታ ይነሳል። ለአዲስ ሥራ የምትተርፈው የእንጀራ ጠርዝ ታህላለች። ሁላችንም የምንሻማው እሷን ነው።

የካቲት 2015 ላይ የሰፈራችን ኮሚቴ የጻፈው ደብዳቤ ወረዳውን አልፎ እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። 64 አባወራና እማወራ ፈርሞበታል። የእናቴ ፊርማ አለ። የእማማ የጣት አሻራ አለ። የሚጠይቁት 300 ሜትር ያህል ቦይ ነው። ደብዳቤውን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ። የእናቴን ፊርማ ከልጅነቴ የፈተና ወረቀት ላይ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ አስገባሁት።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። አመሻሽ ላይ ኃላፊዬ ኮታቸውን እየለበሱ በሩ ላይ ቆሙ። «አሁንም ከጣሪያው በላይ ነን። አስተካክይና ነገ ጠዋት ላኪ» አሉኝና ወጡ። ፎቁ ላይ እኔና የጥበቃው ሬዲዮ ብቻ ቀረን። ሠንጠረዡን ከፈትኩ። ከአዲሶቹና ከእንጥልጥሎቹ ሥራዎች አምስት መስመር ቀርቷል። የጤና ጣቢያ ሽንት ቤትና የውሃ ታንከር። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ያልለበሰ የትምህርት ቤት ብሎክ። የወጣት ማዕከል ጥገና። የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አጥርና የግቢ ኮብልስቶን። የእኛ ሰፈር ቦይ። አንዱ መውጣት አለበት።

ትምህርት ቤቱ የተጀመረ ነው፤ አይነካም። ሽንት ቤቱን መንካት ነውር ነው። የወጣት ማዕከሉ ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ ቢወጣም ቀዳዳውን አይደፍንም። የቀሩት አጥሩና ቦዩ ናቸው። አጥሩ ዲዛይን አለው። የዋጋ ግምት አለው። ማኅተም አለው። ቦዩ ያለው ፊርማ ብቻ ነው። መሐንዲስ ወርዶ አልለካውም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ገንዘብ እንኳን የጻፍኩት እኔው በግምት ነው። በጥያቄና በፕሮጀክት መካከል ያለው ልዩነት ይቺው ናት፤ አንዱ ወረቀት አለው፣ ሌላው የለውም።

ይህ ሰበብ ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር። ቦዩ የኔ ሰፈር ነው። «የራሷን ሰፈር አስገባች» የሚል ወሬ ፈራሁ። ስለ አጥሩ ደግሞ በየሳምንቱ የሚደውል ኃላፊ አለ። እማማ አይደውሉም። ስልኬ አላቸው፤ የሚደውሉት ግን ለበዓል እንኳን አደረሰሽ ለማለት ነው።

መስመሩን ሰረዝኩት። ቀይ የነበረው ድምር ጥቁር ሆነ። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? እፎይታ። ሒሳቡ ገጠመልኝ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። መሰረዙ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። እኔ ያማሰልኩት የሰው እንኳን አልነበረም፤ አጥር ነው።

የበጀት ሰነዱ ውስጥ የሌለ ነገር

ከዚያ በኋላ ፋይሉ ረጅም መንገድ ሄደ። የክፍለ ከተማው አመራር አየው። ፋይናንስ ቢሮ አየው። እዚያ በጀት የማስረዳት ስብሰባ አለ፤ እኔም አንድ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ስለ አጥሩ ተጠየቅን። ስለ ታንከሩ ተጠየቅን። ከዚያ ወደ ካቢኔ ሄደ። ከካቢኔ ወደ ምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ፣ ከኮሚቴው ወደ ጉባኤው። በዚህ ሁሉ ጣቢያ ስለ ቦዩ የጠየቀ የለም። የሌለን ነገር ማን ይጠይቃል?

የ2016 በጀት የጸደቀ ዕለት ቢሮ ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር ዜናውን በቴሌቪዥን አየን። 140.29 ቢሊዮን ብር። አንዷ «እልል» አለች፤ እየቀለደች ነው። እኔ ዓይኔ አባላቱ ፊት የተቀመጠው ሰነድ ላይ ነበር። ወፍራም ነው። ግን ምንም ያህል ቢወፍር 300 ሜትር ቦይ አይታይበትም። አንድ መሥሪያ ቤት ለመደበኛ፣ ማለትም ለደመወዝና ለዕለት ተዕለት ወጪ፣ ይህን ያህል፤ ለካፒታል፣ ማለትም ለግንባታ፣ ይህን ያህል ተብሎ ተጠቅልሎ ነው የሚደርሰው። ምክር ቤቱ 138 ወንበር አለው። በእያንዳንዱ ወንበር ላይ በጣም ትጉህ ሰው ተቀምጧል እንበል። ሰነዱን ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያደረ ሰው። እሱም ቢሆን መጠየቅ የሚችለው ስላለው ነገር ነው። «ይህ ለምን በዛ?» ሊል ይችላል። «የካቲት ላይ አንዲት ልጅ ታክሲ ሳያመልጣት ምን ሰረዘች?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም።

በየወረዳው ግቢ የበጀት ሰሌዳ መለጠፉን አልጠላውም። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል ይላል። ጥሩ ነው። እሱም ግን የሚያሳየው ከወንፊቱ በላይ የቀረውን ነው። ወንፊቱን አልፎ የፈሰሰው የትም አይለጠፍም።

አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ ብራዚል ውስጥ ስላለችው ፖርቶ አሌግሬ ነገሩን። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪው በየሰፈሩ እየተሰበሰበ ከከተማው የግንባታ ገንዘብ ላይ የትኛው ይቅደም የሚለውን ለዓመታት ራሱ ያስይዝ ነበር። ፍሳሽ ይቅደም ወይስ መንገድ? ድሃው ሰፈር ከሀብታሙ የበለጠ ነጥብ ያገኝ ነበር። እጄን አውጥቼ «ጣሪያውን ማን ይነግራቸዋል? መቼ ነው የሚነግራቸው?» አልኩ። አሠልጣኙ ጥሩ ጥያቄ ነው አለ። ከዚያ የሻይ ሰዓት ደረሰ። መልሱን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ሮጧል። ለ2017 230.39 ቢሊዮን፣ ለ2018 350.14 ቢሊዮን ብር ጸድቋል። በእርግጥ ሐምሌ 22፣ 2016 ብሩ በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ በኋላ የ2018 ብርና የ2016 ብር አንድ አይደሉም። ሲሚንቶውም ብረቱም አብሮ ሮጧል። ደግሞ ይህ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። አዲስ አበባ እንደ ክልሎቹ በፌዴራል ድጎማ የምትኖር ከተማ አይደለችም። ከነጋዴው፣ ከደመወዝተኛው፣ ከሊዝ ሰብስባ ነው የምታድረው። እማማም በ2015 የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲጨምር ተሰልፈው ከፍለዋል። ደረሰኙን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀምጠውታል።

ሰኔ ላይ ለምን ይቆፈራል?

በቀጣዩ ዓመት ብልጥ ሆንኩ። ጥሪው ሳይመጣ፣ ገና ጥቅምት ላይ፣ አንድ የማውቀውን መሐንዲስ ለምኜ ቦዩን አስለካሁ። ንድፍ ተሠራ። የዋጋ ግምት ወጣ። የካቲት 2016 ላይ ቦዩ ወረቀት ነበረው። ማንም ሊሰርዘው አልቻለም። ከአጥሩ እኩል ቆመ። ጸደቀ። እኔም በዚያው ክረምት ሥራውን ለቀቅኩ። የሕሊና ዕዳዬን የከፈልኩ መስሎኝ ነበር።

የቀረውን የሰማሁት ከቀድሞ ባልደረቦቼ ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን ታገሡኝ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ በጀቱ ተፈቀደ። ዝናብ ነው። ነሐሴ ዝናብ ነው። መስከረም አዲስ ዓመትና መስቀል ነው፤ የግዥ ዕቅድም የሚስተካከለው ያኔ ነው። ጥቅምት ላይ የጨረታ ሰነድ ተዘጋጀ። ኅዳር ላይ ጨረታው ወጣ። አንዱ ተጫራች አቤት አለ፤ ጨረታው ተሰረዘ። ጥር ላይ እንደገና ወጣ። ቴክኒኩ ተገመገመ፣ ዋጋው ተከፈተ፣ አሸናፊው ታወቀ፣ አቤቱታ የሚቀርብበት ቀን ተጠበቀ። ሚያዝያ ላይ ውል ተፈረመ። ዋስትና፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ የቦታ ርክክብ ሲባል ግንቦት አለቀ። ቆፋሪው ማሽን የእማማ ደጅ የደረሰው ሰኔ ላይ ነው።

ሰኔን የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ያውቀዋል። በጀት መዝጊያ ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ተመላሽ ማድረግ ደግሞ እንደ ስንፍና ይቆጠራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጣሪያህን ሲወስኑ ያነሱብሃል። ተቋራጩ የሚከፈለው በሠራው ልክ ነው። ሰኔ 30 ሳይደርስ ቶሎ ተሠርቶ፣ ተለክቶ፣ ሊከፈልበት የሚችል ሥራ ምንድን ነው? ቁፋሮ። ድንጋይ መደርደርና ክዳን ማልበስ ቀን ይፈጃል። ቁፋሮ ግን ሦስት ቀን ነው። ስለዚህ ይቆፈራል። ሰማዩ እያጉረመረመም ቢሆን ይቆፈራል።

ለዓመታት ሰኔ ላይ በተቆፈረ መንገድ እየዘለልኩ ስሄድ «እነዚህ ሰዎች ያብዳሉ እንዴ?» እል ነበር። አያብዱም። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ምንም መቆፈር በማይቻልበት ወር ነው። የሚያልቀው ዝናቡ ሲገባ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ደረቅ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ በወረቀት ያልቃል። ሌብነት የለም አልልም። የእኛን ቦይ ግን እኔ እስከማውቀው ማንም አልሰረቀውም። ሁሉም ሰው ደንቡን ተከተለ፤ ደብዳቤው ሁሉ ቁጥር አለው፣ ፊርማው ሁሉ በቦታው ነው። ውጤቱ እማማ ቤት የገባው ጭቃ ነው። ሌባ ቢሆን እንኳ ረግሜው ይወጣልኝ ነበር።

«በማን ለወጥሽን?»

ፍልሰታ ሲገባ እማማ ቡና ጠሩኝ። ግድግዳው ላይ ጭቃው የደረሰበት መስመር አልለቀቀም፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ዙሪያውን ዞሯል። እሱን እያየሁ አቦሉን ጠጣሁ። መናገር እንዳለብኝ አውቄያለሁ። ቶናውን ሲቀዱ ጀመርኩ።

«እማማ፣ ያኔ በ2015 የጻፋችሁት ደብዳቤ እኔ ጋ ደርሶ ነበር። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

ጀበናውን አስቀመጡ። «አንቺ?»

«እኔ። ገንዘቡ አልበቃ ብሎ ነው።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ወይም ደግሞ «ተይው፣ እግዜር ያመጣው ነው» የሚለውን፣ ከቁጣው የከፋውን። እሳቸው ሲኒውን ወደኔ ገፋ አደረጉና ትንሽ አሰቡ።

«ታዲያ በማን ለወጥሽን?» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ገንዘቡ ለማን ሄደ?»

መቁጠር ጀመርኩ። የጤና ጣቢያ ሽንት ቤት አልኩ። «እሱስ ይሁን። እዚያ የሚገባው በሽተኛ ነው» አሉ። ትምህርት ቤቱን ነገርኳቸው። «ልጆች ናቸው። ይሁን።» የወጣት ማዕከሉን ነገርኳቸው። «ከጫት ቤት ይሻላል። ይሁን።» ከዚያ ዝም አልኩ።

«ሌላስ?»

«የወረዳ ግቢ አጥር።»

«አጥር?»

«አጥር፤ ከነኮብሉ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ምን ሊሰረቅ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብለው የቀረውን ለኔ ተዉልኝ፤ በረካውን መቅዳት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አላነሱም። የጤፍ ዋጋ ነው ያወራነው።

በአራት ዓመት ውስጥ ስንት የበጀት ስብሰባ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ይህ ለምን በዛ፣ ከአምናው በስንት በመቶ ጨመረ፣ ከጣሪያው ጋር ይጣጣማል ወይ ሲባል ሰምቻለሁ። «በማን ለወጣችሁት?» የሚል ሰው ግን አንድም ቀን አልገጠመኝም። እማማ ማንበብ አይችሉም። ከአምስቱ መስመር ሦስቱን አሳለፉ፣ አንዱን ጣሉ፤ ቡናው እንኳን ሳይቀዘቅዝ። የራሳቸውን ቦይ ያስቀመጡት ከሽንት ቤቱ በኋላ ነው፤ ይህንንም ልብ በሉልኝ። እኔ ያኔ ማክሰኞ ማታ ደውዬ ብጠይቃቸው ኖሮ አጥሩ ይሰረዝ ነበር። ስልካቸው እኮ ነበረኝ።

ጥር

ቦዩ ኅዳር 2018 ላይ አለቀ። ክዳን ለብሷል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ማጣጣል አልፈልግም። ችግሩ ሁለት ወር ሳይሞላው የሃይላንድ ጠርሙስና ፌስታል ገባበት። ይህን ማጽዳት ካፒታል አይባልም። መደበኛ ነው። መደበኛ ደግሞ ደመወዝ በልቶት ያድራል። ቦይ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ቦይ ሲጠረግ ሪባን ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም።

ከጥምቀት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው። እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ተባባልን። መዝጋት ሲገባቸው አልዘጉም።

«ጥር ነው አይደል?» አሉኝ።

«ጥር ነው።»

«እንግዲያው ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ።»

ስሄድ የኮሚቴው ሰዎች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ቦዩን ከላይ እስከ ታች በገመድ ለክተውታል። የተደፈነበት ቦታ ሁሉ ድንጋይ ተቀምጦበታል፤ አሥራ አንድ ቦታ ነው። «መሐንዲስ አልለካውም እንዳይሉን» አሉ እማማ። ከግንቦት በፊት እንዲጠረግ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ለሚጠርጉት ልጆች የቀን አበል፣ ለአካፋና ለጋሪ የሚያስፈልገውን ከታች ደመርኩ። ትንሽ ገንዘብ ናት። ሁሉም ፈረመ። እማማ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፉት በአየር ላይ ያዙት።

«ከአጥር ይቀድማል ብለሽ ጻፊበት» አሉኝ።